ሌሊት የመጣ ውኃ፦ ከድሬዳዋ እስከ ዜላንድ

ቤቴ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። በኪሴ ይዤያት የዞርኳት ትንሽ ደብተር ዝናብ ነክቷት ጠርዟ ተጣጥፏል። አንዳንዱ ቃል ሳይደበዝዝብኝ እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሆላንድ የሄድኩት ለክርስትና ነው። ታናሽ እህቴ ሮተርዳም ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና አስነስተን፣ ድግሱ አልፎ፣ ስድስት ቀን ተረፈኝ። እህቴ «አምስተርዳምን ላሳይህ፣ ብራስልስ እንሂድ» ትለኛለች። የኔ ልብ ግን ባሕሩ ዳር ነበር።

ምክንያቱን ልናገር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ድሬ ነበርኩ። ደቻቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ያን ሌሊት ዶፉ እላይ ተራራው ላይ ሲወርድ እኛ እታች ተኝተናል። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የእኛ ግቢ ሰው የተረፈው አንዲት ጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥሩን በዘነዘና እየደበደበች «ተነሡ! ውኃ! አቦ ተነሡ!» ስላለች ነው። ያ የቆርቆሮ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ሌሊት ባሕር ወደመጣበት ሀገር፣ ወደ ሆላንድ፣ ስሄድ የምጠይቀው ጥያቄ ነበረኝ። እነሱንስ ማን ቀሰቀሳቸው?

ረቡዕ፣ ጥር 21 — ሮተርዳም

አስተርዮ ማርያም ናት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደን፣ ረቡዕ በመሆኑ በሽሮ ፈሰክን ማለት አይቻልም እንጂ ሽሮው ግሩም ነበር። አንዷ እንጀራ ሐበሻ ሱቅ ከ1 ዩሮ በላይ ነው። እኔ በሄድኩበት ሰሞን ዩሮ 130 ብር ገደማ ስለነበር፣ እያንዳንዷን እንጀራ ስቆርስ እያባዛሁ ነበር።

እህቴ የምትኖረው አሌክሳንደርፖልደር በሚባለው ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሰዓት መስኮቱ ላይ ቆሜ ቁልቁል መንገዱን ሳይ የእህቴ ባል መጣና «ጋሼ፣ አሁን የቆምክበት ወለል ከባሕሩ ጋር ትክክል ነው» አለኝ። አልገባኝም። መሬቱ ራሱ ከባሕር ጠለል በታች 6 ሜትር ገደማ ነው። ታች ያለው የልጆች መጫወቻ፣ የቆሙት መኪኖች፣ ብስክሌት የሚነዱት እናቶች፣ ሁሉም ከባሕሩ በታች ናቸው።

እኛም ዳሎል አለን። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ መሬት። እዚያ ግን ቀይ ባሕርን ያገደው ፈጣሪ ያስቀመጠው ከፍታ ነው። እዚህ ያገደው ሰው የቆለለው አፈርና ቀን ከሌት የሚሠራ ፓምፕ ነው። አፈሩን ዳይክ ይሉታል። የሚጠብቀው ደግሞ ራሱን የቻለ የውኃ ምክር ቤት ነው። ሰው መርጦ ያስቀምጠዋል፣ ሰው ግብር ይከፍለዋል። የእህቴ ባል በዓመት ጥቂት መቶ ዩሮ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥቶ አሳየኝ። «ከሁሉም ግብር የማልነጫነጭበት ይሄ ነው» አለ።

ሐሙስ፣ ጥር 22 — ሁክ ፋን ሆላንድ

በሜትሮ ሄድን። የእህቴ ባል ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ መጣ። ከጣቢያው ወጥተን ነፋሱን ስንጋፈጥ ጃኬቴ እንደ ሸራ ተነፋ። የድሬ ሰው ነፋስ አውቃለሁ ብሎ ያስባል። የኛ ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣና ያልፋል። የሰሜን ባሕር ነፋስ ግን አያቆምም። እንደ ሰው ትከሻ ደረትህን ይገፋሃል።

ያየነው ማስላንት የሚባለውን የማዕበል መከላከያ በር ነው። ወደ ሮተርዳም ወደብ የሚገባው የመርከብ መንገድ 360 ሜትር ስፋት አለው። በሁለቱ ዳርና ዳር ሁለት ነጭ የብረት በሮች ቆመዋል። እያንዳንዱ 210 ሜትር ርዝመት፣ 22 ሜትር ቁመት። ክንዳቸው የኤፍል ማማን አስተኝተህ የማየት ያህል ነው። ክንዱ የሚዞርበት ኳስ ብቻ ወርዱ 10 ሜትር ነው። እንደ ሰው የትከሻ መጋጠሚያ ማለት ነው። ማዕበል ሲመጣ በሮቹ ተንሳፍፈው ወደ መሐል ይገናኛሉ፣ ሆዳቸው ውስጥ ውኃ ይገባል፣ ይሰምጡና መንገዱን ይዘጋሉ።

አስጎብኚዋ እንደነገረችን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ሮተርዳም ላይ ውኃው 3 ሜትር ይደርሳል ብሎ ካሰላ በሩን ይዘጋል። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ኮምፒውተሩ በራሱ ውሳኔ ማዕበል ሲመጣ የዘጋው ግን በታኅሣሥ 2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። 26 ዓመት ሙሉ ዘይት እየተቀባ፣ በየዓመቱ እየተፈተነ ጠበቀ። እኔ ከብረቱ ይልቅ ይሄ ነው ያስደነቀኝ። ለማይመጣ ለሚመስል ቀን 26 ዓመት መዘጋጀት።

ምሳ ኪበሊንግ በላን። ተቆርጦ የተጠበሰ ዓሣ በነጭ ሶስ፣ 9 ዩሮ። ትኩስ ሳለ ካልበላኸው ነፋሱ ይቀድምሃል።

አርብ፣ ጥር 23 — ዚሪክዜ

ዜላንድ ብቻዬን ነው የወረድኩት። ዜላንድ «የባሕር ምድር» ማለት ነው። ድሮ ደሴቶች የነበሩ፣ አሁን በግድብና በድልድይ የተያያዙ ሜዳዎች። አውቶቡሱ ላይ እስክደርስ ደህና ነበርኩ። አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩና ሻንጣዬን እየጎተትኩ በድንች ማሳ መሐል 40 ደቂቃ ሄድኩ። ዝናብ ጀመረ። ደብተሬ የራሰችው እዚህ ነው።

ያደርኩት ዚሪክዜ ከተማ፣ አንዲት የ80 ዓመት አዛውንት በሚያከራዩት ክፍል ነው። ቁርስን ጨምሮ 75 ዩሮ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ መጀመሪያ ያሉት «ጫማህን አውልቅ፣ እዚያ ማሞቂያው ላይ አድርገው» ነው። በልቤ «እማማ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልነበራቸውም።

ለእራት የአተር ሾርባ ሠርተው ነበር። ዓርብ እንደምጾም፣ በአዘቦቱም አሳማ እንደማልበላ ስነግራቸው ድስቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ ለእኔ ብቻ በሌላ ድስት ከመጀመሪያው ጀመሩ። ክክ አተር፣ ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርት። ማንኪያ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ሾርባ ነው። ቀምሼ «ይሄማ ሽሮ ነው» አልኩ። ሽሮ ምን እንደሆነ ሳስረዳ አንድ ሰዓት አወራን። ከዚያ እሳቸው ነገሩኝ።

ያ ቀንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደዚያ ዕለት ጥር 31 ነበር፣ እ.ኤ.አ. 1953። ቅዳሜ። የልዕልት ቤያትሪክስ 15ኛ ልደት ስለነበር ባንዲራ ተሰቅሏል። ነፋሱ ባንዲራውን ሲቀደው ልጅ ሆነው አይተው ሳቁ። ማታ የአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት አደገኛ ውኃ እየመጣ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ግን ቅዳሜ ማታ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን የሚቀበሉት ቢሮዎች ዝግ ናቸው። ሬዲዮውም እንደ ደንቡ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተዘጋ። ሰው ተኛ።

«ማን ቀሰቀሳችሁ?» አልኳቸው። አላስቻለኝም።

«ዳቦ ጋጋሪው» አሉ። ዳቦ ጋጋሪ ሌሊት ነው የሚነሣው። በጨለማ በየበሩ እየሮጠ በእንጨት ጫማው ይደበድብ ነበር። አባታቸው በሩን ሲከፍቱ ውኃው ከሰውየው ቀድሞ ገባ። ቤተሰቡ ጣሪያ ሥር ወዳለው ቆጥ ወጣ። እሳቸው የ8 ዓመት ልጅ ናቸው። ውኃው ደረጃውን ሲወጣ ይቆጥሩ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ቆመ።

የዛሬው ቤታቸው ያ ቤት አይደለም። ያኛው ፈርሷል። ለመኝታ ሲወጡ ግን ከኋላቸው ነበርኩና ሰማኋቸው፤ በሹክሹክታ ደረጃውን ይቆጥራሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24 — ኦወርኬርክ

ቁርስ ላይ ቦሉስ ሰጡኝ። በቀረፋና በቡናማ ስኳር የሚጋገር፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ጠምዛዛ ዳቦ ነው። ገልብጠው ታቹን ቅቤ ይቀቡታል። የድሬን ሙሸበክ አስታወሰኝ፤ እንደሱ ከበሉት በኋላ ጣት ያስልሳል።

ብስክሌታቸውን አዋሱኝ። ፍሬኑ እጅ ላይ የለም። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጠው ነው የሚቆመው። ይህን ያወቅሁት መታጠፊያ ላይ ነው። ጉልበቴ ተላጠ፤ ብስክሌቱ ደህና ነው። 5 ኪሎ ሜትሩን ቀስ ብዬ ጨረስኩ።

ኦወርኬርክ ትንሽ መንደር ናት። ከመንደሩ ወጣ ብሎ አራት ትልልቅ የኮንክሪት ሣጥኖች ሣር ውስጥ ተቀብረው ቆመዋል። እያንዳንዱ ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማል። እንዲህ ያሉት ሣጥኖች መጀመሪያ የተፈለሰፉት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ኖርማንዲ ላይ ጊዜያዊ ወደብ ለመሥራት ነበር። እዚህ ያመጧቸው ግድቡ የተቀደደበትን የመጨረሻውን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ቀዳዳው የተዘጋው እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1953 ነው። ከጥር ማብቂያ እስከዚያ ድረስ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይገባና ይወጣ ነበር። ዛሬ ሣጥኖቹ ሙዚየም ናቸው።

ውስጡ ይበርዳል። ያ ቅዝቃዜ ግን ተገቢ ነው። ካርታው ፊት ቆሜ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ገባኝ። የሰሜን ባሕር ከላይ ሰፊ ነው፣ ወደ ታች ግን እንደ ፈነል ይጠብባል። ከሰሜን ምዕራብ የመጣ ማዕበል ለረጅም ሰዓት ውኃውን ወደ ጠባቡ ገፋው። ጨረቃ ከሞላች ሁለት ቀኗ ነው፤ ያኔ ባሕሩ በራሱም ከወትሮው ያብጣል። ሁለቱ ተገናኙ። ፍሊሲንገን በምትባለው ከተማ ውኃው ከባሕር ጠለል 4 ሜትር ከ55 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። ግድቦቹ ደግሞ ለዚያ የሚበቁ አልነበሩም። ውኃው ከላያቸው እየፈሰሰ ጀርባቸውን ቦረቦረው፤ ከኋላ ነው የወደቁት።

ሆላንድ ውስጥ 1,836 ሰው ሞተ። እንግሊዝ ውስጥ 307። በሙዚየሙ አንድ ጨለማ ክፍል አለ። መሬቱ አሸዋ ነው። የሟቾቹ ስም በብርሃን አሸዋው ላይ ይታያል፣ ያልፋል፣ ሌላው ይመጣል። ቁጥሩን «1,835 ሲደመር 1» ብለው ነው የሚጽፉት። አንዱ በዚያች ሌሊት ተወልዶ በዚያችው የሞተ ሕፃን ነው። እኔ የሦስት ወር ልጅ ክርስትና አስነስቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ቆየሁ።

በእኛ አቆጣጠር ያ እሑድ ጥር 24 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። የጥር ተክለ ሃይማኖት። እኔም የቆምኩት በዚያው ቀን ነው። በየዓመቱ በዚህ ዕለት እዚህ ያስባሉ። አበባ የያዙ ሽማግሌዎች፣ በዊልቸር የመጡ፣ የልጅ ልጆቻቸውን እጅ የያዙ አየሁ።

እማማ ያልነገሩኝን እዚህ አነበብኩ። አብዛኛው ሰው የሞተው በመጀመሪያው ውኃ አይደለም። እሑድ ጠዋት ውኃው ትንሽ ጎደል አለ። ሰው አለፈ ብሎ አሰበ። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ እንደገና ሲሞላ ግድብ የሚባል ነገር አልነበረም። ሌሊቱን ጣሪያ ላይ ሆኖ የተረፈው ጣሪያው ራሱ ተነቅሎ ሄደበት። ስልክ ተቆርጧል። ከዚሪክዜ ዜናውን ለውጭ ያደረሰው በራሱ መሣሪያ ገጣጥሞ ሬዲዮ የሠራ ወጣት ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ። ዮሃን ፋን ፌን የሚባል መሐንዲስ ግድቦቹ እንደማይበቁ ለዓመታት ሲናገር ነበር። ካሳንድራ በሚል የብዕር ስም ጭምር ጽፏል። ትንቢቷን ማንም የማያምናት የግሪክ ተረት ሴት ናት። ባሕሩ ወደ ምድር የሚገባባቸውን ገቦች የመዝጋት ሐሳቡ ለሚኒስትሩ የደረሰው ጥፋቱ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ካለፈ በኋላ ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዕውቀቱ ነበረ። የተኛውን ሰው ጆሮ አላገኘም።

ስመለስ ቀስ ብዬ እየነዳሁ ባንግላዴሽን አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ1970 የቦላ ማዕበል ቢያንስ 300 ሺህ ሰው የጨረሰባት ምድር ናት። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ድምፅ ማጉያና ባንዲራ የያዙ በጎ ፈቃደኞች አደራጁ፤ የኮንክሪት መጠለያ ሠሩ። በ2007 ሲድር የሚባለው ከባድ ማዕበል ሲመጣ የሞተው ከ3 ሺህ በላይ ነው። ይህም ብዙ ነው። ግን ልዩነቱን ያመጣው ሆላንድ ያላትን ዓይነት ብረት አይደለም። በር የሚያንኳኳ ሰው ነው።

እሑድ፣ ጥር 25 — ኦስተርስኬልደ

እማማ በሩ ላይ ቆመው ሦስት ቦሉስ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ክፍያውን ስሰጣቸው «የአተር ሾርባው አይታሰብም» አሉ። ሽሮ እልክላቸዋለሁ ብያለሁ። ከእህቴ ጋር ልኬያለሁም።

አውቶቡሱ ኦስተርስኬልደ በሚባለው የባሕር ገብ አፍ ላይ በተሠራው የማዕበል መከላከያ ላይ ነው የሚያልፈው። ጠቅላላው 9 ኪሎ ሜትር ነው። መሐል ላይ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። 65 ምሰሶ፣ በመሐላቸው 62 የብረት በር። ትልቁ ምሰሶ 18 ሺህ ቶን ይመዝናል። በሮቹ ወትሮ ክፍት ናቸው። ባሕሩ በሥራቸው ሲገባ ድምፁ የባቡር ያህል ነው። የብረት መደገፊያውን ይዤ ቁልቁል ሳይ አረንጓዴው ውኃ እንደ ጡንቻ ይጠማዘዛል።

ለምን ክፍት ሆኑ? መጀመሪያ የታሰበው ገቡን በግድብ ድፍን አድርጎ መዝጋት ነበር። የየርሰከ መንደር ዓሣ አጥማጆችና ተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች እምቢ አሉ። ውኃው ከቆመ ኦይስተርና መስል የሚባሉት፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የሚበሉ የባሕር ፍጥረቶች ያልቃሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓርላማው ሐሳቡን ለውጦ፣ ማዕበል ሲመጣ ብቻ የሚዘጋ በር እንዲሠራ ወሰነ። ብዙ ገንዘብ ጨምረው ነው። በ1986 ንግሥት ቤያትሪክስ መርቀው ከፈቱት። ያን ሌሊት 15 ዓመት የሞላቸው ልዕልት ናቸው። የዓሣ አጥማጅ አቤቱታ የሰሙ መሐንዲሶችን ሳስብ ልቤ ሞቀ። እኛም ከ1998ቱ ዓ.ም. ጎርፍ በኋላ የደቻቱን ዳር በግንብ አጥረነዋል። አሸዋው ላይ ቆሞ የሚሸጠውን ሰው ግን ያኔ ብንጠይቀው፣ ውኃው የት የት እንደሚዞር ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

መስሉን አልቀመስኩም፤ ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር በእኛ ቤት አይገባም። የጎብኚዎቹ ማዕከል ስደርስ ሰዓቱ አልፎ ነበር። እሑድ ስለሆነ አውቶቡሱም ፊቴ ላይ ሄደ፤ ሌላው አንድ ሰዓት ይቀረዋል። ኮንክሪት ተከልዬ ስንቀጠቀጥ፣ ዓሣ ሲያጠምድ የዋለ ሰውዬ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳልኝ። እንግሊዝኛው ጥቂት፣ የኔ ደቺኛ ምንም። ቦሉስ አካፈልኩት። ጣቱን ሲልስ ሁለታችንም ሳቅን።

ሰኞ፣ ጥር 26 — ኒውወርኬርክ፣ አይሰል ወንዝ ዳር

በረራዬ ማታ ነው። እህቴ «አንድ ቦታ እኔም ልምጣ» ብላ ልጅቷን በጋሪ አድርጋ ተነሣች። በመኪና ከቤታቸው ሩቅ አይደለም። በሀገሩ ዝቅተኛው መሬት፣ ከባሕር ጠለል በታች 6 ሜትር ከ76 ሳንቲ ሜትር፣ እዚሁ ወረዳ ነው።

ግድቡ ላይ ወጣን። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል በጣም ዝቅ ብሎ ቤትና ሜዳ። ያን ሌሊት ይህ ግድብም ተቀደደ። ከኋላው 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይኖር ነበር። ከንቲባው አሪ ኤቨግሩን የሚባል የጀልባ ሰው ጠርቶ፣ መርከብህን ቀዳዳው ውስጥ ክተታት አለው። ሊነጋጋ ሲል፣ «ሁለቱ ወንድማማቾች» የምትባለውን መርከቡን እየነዳ ሄደና በጎኗ ቀዳዳው ላይ ለጠፋት። ያዘች። ሰውዬው መተዳደሪያውን ነው የሰጠው። ሐውልት ቆሞለታል፤ ግድብ ውስጥ የተሰነቀረች መርከብ።

እህቴ ሐውልቱን በእጇ ነካችው። ደቻቱ ሲመጣ እሷ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። በጀርባዬ አዝዬ ነው ያወጣኋት። ለ19 ዓመት አንድም ቀን አውርተነው አናውቅም። «ጋሼ፣ ያ ቆርቆሮ ትዝ ይልሃል?» አለችኝ። «ይለኛል» አልኳት።

ልክ ቀን 6 ሰዓት ላይ ሰማዩን ሁሉ የሞላ ጩኸት ተነሣ። ልቤ ቀጥ አለ። የጋሪውን እጀታ ያዝኩ። እህቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ «አይዞህ፣ ሙከራ ነው። በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሀገሩ በሙሉ ይጮኻል» አለችኝ። አንድ ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው። ሜዳው ላይ ውሻ የሚያንሸራሽረው ሰውዬ ቀና እንኳ አላለም።

ልጅቷ ግን ነቃች። ብርድ ልብሷን ረግጣ፣ ዓይኗን ከፍታ፣ ድምፁ ወደመጣበት ዞረች።